ለሽማግሌ የደረሰው ቫኬሽናችን

የቆማችሁ ተቀመጡ። የተቀመጣችሁ ደግሞ እጃችሁ ላይ ያለውን አስቀምጡ። ዛሬ ሳሎኔ ውስጥ የተዋረድኩትን ውርደት ከራሴ አፍ ብትሰሙት ይሻላል፣ ምክንያቱም እትዬ ሶስና ነገ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ለሁሉም ያዳርሱልኛል!

አዎ፣ ስለ ቫኬሽኑ ነው።

ሁለት ወር ሙሉ ስለለፈለፍኩ የማያውቅ የለም። እኔና ባለቤቴ ሳሚ አውሮፓ ልንሄድ ነው። ማለቴ፣ ነበር። ይቺን «ነበር» ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሳሚ ትራክ ነው የሚነዳው። እኔ እዚሁ ኮሎምበስ ዌርሃውስ ውስጥ ነኝ፣ የታሸጉ ምግቦች ካርቶን ላይ ቀን እያየሁ ጊዜው ያለፈበትን አወጣለሁ። እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ። በር ላይ እንሳሳማለን፣ «ምግብ ፍሪጅ ውስጥ አለ» እንባባላለን፣ በቃ ትዳራችን ይኸው ነው። ከኮሮና ወዲህማ ኦቨርታይሙ በዝቶ ጭራሽ ተረሳስተናል።

ታዲያ በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሁለታችንም ዕረፍት አንድ ሳምንት ላይ አፕሩቭ ሆነ!

አንድ ሳምንት። ሁለታችን ብቻ።

እና በዚህ ብርቅ ሳምንት ምን አደረግንበት? ተጣላንበት።

እኔ ያልኩት ብሩዥ ነው፣ ቤልጂየም። በከተማው መሀል ውሃ ይሄዳል፣ ጀልባ አለ፣ ቸኮሌት አለ። ሳሚ ደግሞ ሮተንበርግ አለ፣ ጀርመን። ዙሪያዋን በግንብ የታጠረች፣ ግንቡ ላይ በእግር የሚኬድባት ትንሽ ከተማ። ሁለቱም ትንንሽ፣ ሁለቱም አሮጌ፣ ሁለቱም ኮብልስቶን! ጤነኛ ሰው ፎቷቸውን ቢያሳዩት የትኛው የት እንደሆነ አይለይም። እኛ ግን ተኳረፍንባቸው።

ሳሚ ምን ይላል መሰላችሁ? «ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነኝ። አንዴ እንኳን በር ያለው ከተማ ውስጥ ልግባና ከኋላዬ ይዘጋልኝ።»

እኔ ደግሞ ውሃ ዳር ተቀምጬ ማንም «ፍጠኚ» ሳይለኝ መዋል አማረኝ። መጀመሪያ እንደዛ ነበር። ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያማረኝ ብሩዥ አልነበረም። ማሸነፍ ነበር።

አንድ ኑዛዜም አለብኝ። የትኛው ይሻላል ብዬ እዚህ ገጽ ላይ ድምፅ ያሰጠኋችሁ ትዝ ይላችኋል? ከዛ ፖሉ የጠፋው? «የኔትወርክ ችግር ነው» ብያችሁ ነበር።

ምንም የኔትወርክ ችግር አልነበረም። ሮተንበርግ እየመራ ስለነበር ነው!

በማግስቱ ሻንጣዬን ፎቶ አንስቼ «ብሩዥ፣ መጣንልሽ» ብዬ ፖስት ያደረግኩት ደግሞ ቲኬት ቆርጬ አልነበረም። ሳሚ እንዲያየው ነበር። አየው። ላይክ አላደረገም።

እንግዲህ በዚህ ኩርፊያ መሀል ነው እትዬ ሶስና የደወሉልኝ። እትዬ ሶስና የጋሼ መርዕድ ባለቤት ናቸው። ጋሼ መርዕድ ደግሞ ሳሚ እኔን ሲያገባ ለሽምግልና የተላኩት ሰውዬ። ትዳራችንን እንደ ራሳቸው ንብረት ነው የሚያዩት። እኔ ሞኟ ምን አልኳቸው?

«እትዬ፣ ሳሚ እልኸኛ ሆኗል። በደንብ ካወራን ሳምንት አለፈን።»

ይቺን ብቻ! ስለ ከተማ ትንፍሽ አላልኩም።

ዛሬ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ጋሼ መርዕድ፣ ሙሉ ሱፍ ከነከረባታቸው። እትዬ ሶስና፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዓይናቸው ከአሁኑ እንባ ያቀረረ። ከደብሊን ድረስ (አውሮፓ ካለው አይደለም፣ እዚሁ ኮሎምበስ ዳር ካለው) የመጡት የሚፈርስ ትዳር ሊያስታርቁ ነው!

ሶፋው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡን። ለስላሳና ሳምቡሳ ቀረበ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በሉ ልጆቼ፣ ምንም ሳትደብቁ ተናገሩ። በመሀላችሁ ሌላ ሰው አለ?»

ሳሚ ለስላሳው ትን አለው።

«ኧረ ጋሼ፣ የቫኬሽን ጉዳይ ነው» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «እኔ ቤልጂየም ስል እሱ ጀርመን አለ።»

ጋሼ የያዙትን ለስላሳ አስቀመጡ።

«ቤልጂየም ዘመድ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ሕክምና ነው?»

«አይደለም ጋሼ።»

«ታዲያ ዘመድ ከሌለሽ፣ ካልታመምሽ፣ ምን ልትሠሪ ነው የምትሄጂው?»

«ለማየት።»

«ምኑን?»

«ከተማውን። አሮጌ ነው።»

ጋሼ መርዕድ ወደ ሚስታቸው ዞር ብለው ተመለከቱ። እትዬ ሶስና እንባቸውን ጠርገው ሳምቡሳ አነሱ። የሚያስለቅስ ነገር እንደሌለ ገብቷቸዋል።

ግን ሽማግሌ አንዴ ከተቀመጠ ሳይፈርድ አይነሳም። ጋሼ ሳሚን ጠየቁት፣ «ሁለቱ ከተሞች ይራራቃሉ?»

«በባቡር የአንድ ቀን መንገድ ነው።»

«በሉ፣ ሦስት ቀን እዚያ፣ ሦስት ቀን እዚህ። አለቀ።»

አለቀ!

ሁለት ወር የተኳረፍንበትን፣ ሰውዬው ኮታቸውን እንኳን ሳያወልቁ ጨረሱት። እኔና ሳሚ ተያየን። ሁለታችንም አንዴም አላሰብነውም። ማናችን እንደምናሸንፍ እንጂ እንዴት ሁለቱንም እንደምናይ ማን አሰበ?

እዚህ ላይ ቢነሱ ኖሮ ይሄን ፖስት አልጽፍም ነበር።

«አሁን ደግሞ» አሉ ጋሼ፣ «ቃላችሁን እንዳታጥፉ መያዣ አምጡ። ፓስፖርታችሁን። ቲኬት እስክትቆርጡ እኔ ዘንድ ይቀመጣል።»

እኔ ደስ አለኝ! ለምን መሰላችሁ? የቤታችን ዶክመንት ኃላፊ እኔ ነኛ። ፎልደር አለኝ። በየስሙ ሌብል ያደረግኩት። ሳሚ የመኪናውን ቁልፍ እንኳን የት እንዳስቀመጠ አያውቅም፣ እና ይቺን አጋጣሚ ላሳልፋት ነው?

«ሳሚዬ፣ አንተ አትልፋ፣ ያንተንም እኔ ነኝ የማስቀምጠው» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «በዚህ ቤት ወረቀት የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑር እንጂ!»

ሁለቱን ፓስፖርቶች በሁለት እጄ አቀረብኩ። ጎንበስም ብያለሁ።

ጋሼ መርዕድ አገር ቤት መዝገብ ቤት ነው የሠሩት። ወረቀት ሳያነቡ ኪሳቸው አይከቱም። መነጽራቸውን አደረጉ። የሳሚን ገለጥ አደረጉ፣ አነበቡ፣ አስቀመጡ። የእኔን ገለጡ።

አነበቡ።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት።

ደግመው አነበቡ።

«ልጄ» አሉኝ በጣም ቀስ ብለው፣ «ይሄ እኮ ጊዜው ካለፈ ሦስት ወር ሆኖታል።»

ዕረፍታችን ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። ማሳደሻው ደግሞ በአስቸኳይም ቢባል ከዛ በላይ ይፈጃል። ሆቴል አወዳድሬያለሁ፣ የጀልባ ሰዓት አጥንቻለሁ፣ የዝናብ ጃኬት ገዝቻለሁ። ፓስፖርቴን ግን አንዴ ገልጬ አላየሁትም።

ይሄ አልበቃ ብሎ እትዬ ሶስና ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«ውይ የኔ ልጅ! ሥራሽ ቀን ማየት አይደል እንዴ?»

ሳሚ ሊስቅ አልፈለገም። አየሁት፣ ታግሏል። ከንፈሩን ነከሰ፣ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ከዛ ፈነዳ! እኔ ግን ቀጥታ ባዝሩም ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ።

ያለቀስኩት ለብሩዥ አይደለም። ለሳምንቷ ነው። አራት ዓመት የጠበቅናትን ሳምንት በእልህ ጨረስኳት። ሁለት ወር ሙሉ እሱን ለማሸነፍ ከመታገል ፓስፖርቴን አንድ ደቂቃ ባየው ኖሮ!

እንግዶቹ ሲሄዱ ሳሚ መጥቶ በሩን አንኳኳ።

«ለሥራ ደውለህ ሳምንቷን መልሳት» አልኩት ከውስጥ። «በከንቱ አታቃጥላት፣ ሌላ ጊዜ ትጠቅምሃለች።»

«አብደሻል እንዴ? አራት ዓመት ጠብቄ ያገኘኋትን? አልመልስም! የትም ባንሄድ እንኳን እዚሁ ሶፋ ላይ አብሬሽ እውላለሁ።»

በሩን ከፈትኩ። ምን ላድርግ?

ወለሉ ላይ ተቀመጥን፣ እኔ ከባዝሩሙ ውስጥ፣ እሱ ከደጅ። ከሁለት ወር ወዲህ ሳንጨቃጨቅ ያወራነው ያን ጊዜ ነው። ስለ መንገዱ፣ ስለ ወገቡ፣ ስለ አለቃዬ። የቀዘቀዘውን ሳምቡሳ እዛው በላነው፣ አትፍረዱብን።

ከዛ ሳሚ አንድ ሐሳብ አመጣ። «ጀርመን ቪሌጅ እንሂድ። እዚሁ ዳውንታውን አጠገብ። የጡብ መንገድ አለ፣ አሮጌ ቤት አለ፣ ጠባብ ጎዳና አለ። ፓስፖርት አይጠይቁም።»

ልቤ ስፍስፍ አለ። እንዴት ያለ ባል ነው ያለኝ፣ አልኩ።

ቆይ ግን። ጀርመን?

«ለምን ደብሊን አንሄድም?» አልኩት። «ወንዝ አለው፣ ድልድይ አለው፣ አሮጌ የድንጋይ ቤት አለው። ውሃ ነው እኔ የምፈልገው!»

«ደብሊን ከሄድን ጋሼ መርዕድ ቤት ሳንገባ ማለፍ እንችላለን?»

አንችልም። እንግዲህ ቢያንስ ዘመድ ያለበት አገር ነው፣ ጋሼም «ምን ልትሠሪ?» አይሉኝም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በድጋሚ ወደ እናንተ መጥቻለሁ። ሁለት ትንንሽ፣ አሮጌ፣ አውሮፓ የሚመስሉ ቦታዎች፦ ጀርመን ቪሌጅ ወይስ ደብሊን? ድምፅ ስጡ። ይሄኛውን ፖል አላጠፋም፣ በሳሚ ፊት ምያለሁ።

ጀርመን ቪሌጅ ከመራ ግን የኔትወርክ ችግር ሊኖር ይችላል።