ለምሳሌ የገባው ፎቶ

(አንዲት ጠባብ የማስታወቂያ ቢሮ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፤ የአንደኛው እግር የላላ ነው። ማስታወቂያ ጸሐፊው ኮምፒዩተር ላይ ይተይባል፤ የማያውቀው ነገር ስለሌለ ሊቁ ይሉታል። ፎቶ አንሺው በላላው ወንበር እየተወዛወዘ ያያል፤ ወሬውን ሁሉ በ“ቆይ እስቲ” ስለሚጀምር ስሙ ቆይስቲ ሆኖ ቀርቷል።)

ቆይስቲ፦ ቆይ እስቲ፣ “ፎቶውን ጫን” ነው ያልከው? የቱን ፎቶ?

ሊቁ፦ የሚጫነውን ነዋ።

ቆይስቲ፦ የሚጫነው የቱ ነው?

ሊቁ፦ ስማኝ ወንድሜ፣ ይህን መመሪያ ላንተ አይደለም የምጽፈው። ለኤጀንቱ ነው። ኤአይ ነው፣ ሰው አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ የደንበኞቻችንን የኢንተርኔት ማስታወቂያ የሚያወጣው እሱ ነው። ፎቶ መጫኛው እንዴት እንደሚሠራ እኔ እጽፍለታለሁ፣ እሱ አንብቦ ይጭናል። አለቀ።

ቆይስቲ፦ ፎቶውን ያየዋል?

ሊቁ፦ የኛው አያይም። በፋይሉ ስም ነው የሚያውቀው።

ቆይስቲ፦ ታዲያ ለአይጥ መርዙ ማስታወቂያ ያነሳኋት አይጥ የፋይል ስሟ ማን እንደሆነ ነገርከው?

ሊቁ፦ ኮምፒዩተሩ ውስጥ አለች አይደል? ፈልጎ ያገኛታል። አንተን መሰለህ?

ቆይስቲ፦ ብትጽፍለት ምን ቸገረህ?

ሊቁ፦ ጊዜ የለኝማ። የአይጥ መርዙ ማስታወቂያ ከምሳ በፊት ካልወጣ ጉዴ ፈላ። ባለ መርዙ ማን እንደሆኑ ታውቃለህ?

ቆይስቲ፦ የእጮኛህ አባት።

ሊቁ፦ “ሥራህን አይቼ ነው ልጄን የምድርልህ” ብለውኛል። በመርዝ ነው የምፈተነው።

ቆይስቲ፦ እንግዲያው ምሳሌ እንኳን አስገባለት።

ሊቁ፦ አስገብቻለሁ። (ስክሪኑን ያዞርለታል) አንብብ። “የፋይሉን ስም እንደሚከተለው ጻፍ፦ ‘ሊቁ በሙሉ ልብስ’፤ ጫን፤ መጫኛው የሚመልስልህን የፎቶ ቁጥር ማስታወቂያው ላይ አስገባ።”

ቆይስቲ፦ ቆይ እስቲ፣ ይሄ እኮ ያንተ ፎቶ ነው። በሙሉ ልብስ ያነሳሁህ።

ሊቁ፦ አዎ፣ ለቤተሰቧ የተነሳሁት። ቅርብ ያገኘሁት እሱን ነው። ምሳሌ ነው አልኩህ እኮ።

ቆይስቲ፦ ምሳሌ መሆኑን እሱ ያውቃል?

ሊቁ፦ አእምሮ ያለው ሁሉ ያውቃል።

ቆይስቲ፦ ለማንኛውም መጨረሻው ላይ “ካልገባህ ጠይቅ” በልበት።

ሊቁ፦ (እየሳቀ) አዋቂ አይጠይቅም። ከጠዋት ጀምሮ የምትጠይቀው አንተ ነህ። (ቁልፉን ይጫናል) ይኸው፣ አነበበ። ይኸው፣ አወጣው። አንድ ጥያቄ ጠየቀ? አልጠየቀም።

ቆይስቲ፦ (ስልኩን ከፍቶ) እውነትም ወጥቷል። ጽሑፉ አምሯል።

ሊቁ፦ የኔ ነዋ። ጮክ ብለህ አንብበው።

ቆይስቲ፦ “ሲገባ ጨዋ ይመስላል። ከገባ በኋላ ግን በጄ ብሎ አይወጣም። ያገኘውን ይበላል፣ ቀን ይተኛል። ሳይደላደል ይገላገሉት።”

ሊቁ፦ ከፎቶው ጋር ሲሆን ደግሞ አስበው።

ቆይስቲ፦ ከፎቶው ጋርማ ልክክ ብሏል።

ሊቁ፦ የአይጧ ጥርስ ይታያል?

ቆይስቲ፦ ይታያል። ክራቫትም አስራለች።

(ሊቁ ስልኩን ይነጥቃል። አይቶ ወንበሩ ላይ ዘፍ ይላል።)

ሊቁ፦ አውርደው። አሁኑኑ አውርደው በለው።

ቆይስቲ፦ እንዴት እንደሚወርድ መመሪያው ላይ ጽፈሃል?

ሊቁ፦ አልጻፍኩም።

(የሊቁ ስልክ ይጮኻል። ተጣድፎ ሲያነሳው ድምፅ ማጉያውን ይነካዋል።)

ባለ መርዙ፦ (በስልክ) ማስታወቂያውን አየሁት።

ሊቁ፦ አባባ፣ እኔ አይደለሁም፣ ማሽኑ ነው።

ባለ መርዙ፦ ፎቶውን ማሽኑ ነው እንበል። ጽሑፉን ማን ጻፈው?

ሊቁ፦ (በቀጭን ድምፅ) እኔ ነኝ።

ባለ መርዙ፦ በዚህ ዕድሜዬ ራሱን እንዲህ አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም።

(ቆይስቲ አፉን በእጁ ይይዛል።)

ሊቁ፦ ይቅርታ አባባ። እሷም አየችው?

ባለ መርዙ፦ አይታ በሳቅ ልትሞት ነው። “ከሱ ሌላ አላገባም” ትላለች። ጎረቤቴም ደውሎ “መርዙ ለአማችም ይሠራል ወይ?” አለኝ፤ ሦስት እሽግ ላክልኝ ብሏል። ምን ላድርግህ? እሁድ ና።

ሊቁ፦ እመጣለሁ አባባ። እግዜር ይስጥልኝ።

ባለ መርዙ፦ ያንን ሙሉ ልብስ ግን እንዳትለብስ። የሰፈሩ ሰው ያባርርሃል።

(ስልኩ ይዘጋል። ሊቁ ላቡን ጠርጎ ቀስ ብሎ ወደ ኮምፒዩተሩ ይዞራል። መመሪያውን ይከፍታል።)

ሊቁ፦ ቆይ እስቲ... ቅድም መጨረሻው ላይ ጻፍ ያልከኝ የቱን ነበር?

ቆይስቲ፦ የሚጻፈውን ነዋ።