ሊቀ ብሎናትና የሚስታቸው እግር

ግቢው ውስጥ ጎማ የሌላት መኪና ድንጋይ ላይ አስቀምጦ «ልጨርሳት ትንሽ ነው የቀረኝ» የሚል ባል የሌለበት ሰፈር ካለ፣ ገና ሰው አልገባበትም ማለት ነው። ለዚህኛው ሰፈር የደረሱት ሊቀ ብሎናት ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጧቸው ጎረቤቶች ናቸው። ሚስታቸው ግን ዛሬ እግሯ ተሰብሮ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ቀዶ ጥገና እየጠበቀች፣ ሌላ ስም ልታወጣላቸው እያሰበች ነው። ቤታቸው ኮሪደር ላይ አዳልጦ የጣላት የሳቸው ብሎን ነዋ። እንደ ድሮዋ መራመድ መቻል አለመቻሏም ገና አልታወቀም።

መኪናዋ ባለ ሁለት ወንበር፣ ቀይ፣ በጊዜዋ ከነፋስ ጋር የምትሽቀዳደም የስፖርት መኪና ነበረች። አሁን ኤሊም ይቀድማታል። ሊቀ ብሎናት ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራት ዓይነት ብሎን ካልተገኘ በሯን እንኳ አይገጥሙላትም። መንታ የሚመስሉ ሁለት ብሎኖች ያነሳሉ፣ የብሎኖቹን ጥርስ ይለካሉ፣ አናታቸው ላይ ያለውን ምልክት በአጉሊ መነጽር ያነባሉ።

«ይቺ በኢንች ናት፣ ያቺ በሚሊ። ሁለት ዙር ትገባና ትነክሳለች። ገባች ማለት የሷ ናት ማለት አይደለም» ይላሉ። ሚስታቸው ይህን ንግግር በእንቅልፏም ትሰማዋለች።

አንድ ቀን ታላቅ ወንድሟ ምሳ ሊበላ መጥቶ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ከነሳህኑ መሬት ወረደ። ሚስት ክው ብላ ቀረች። ሊቀ ብሎናት የወደቀውን ሰውዬ ትተው ወንበሩን እየገለበጡ «ውይ፣ ብሎኗን ለማመሳከር ወስጃት ረስቻት ነው» አሉ። የልጃቸው እጮኛ መጀመሪያ ቤት የመጣ ቀን ደግሞ ሰላም እንደማለት እሱ የመጣበት መኪና ስር ገቡ። ወጥተው ልጃቸውን ለብቻዋ ጠሯት።

«ታርጋውን በሽቦ ያሰረ ሰው ትዳሩን በምን ሊያጠብቅ ነው?»

ልጅቷ አለቀሰች። እናቷም ምን ዓይነቱን ጉድ ነው ያገባሁት ብላ አፏን ያዘች።

አሁን ሆስፒታል ሊቀ ብሎናት አልጋዋ አጠገብ ቆመው ሳለ ሐኪሙ ገባ። «አጥንቱን በብረትና በብሎን እናያይዘዋለን» አለ።

ሚስት ዓይኗን ጨፈነች። በቃ፣ ጉድ ሊፈላ ነው። የት ተሠራ፣ ጥርሱ በስንት ነው፣ ከነካርቶኑ አምጡልኝ ሊሉ ነው።

ሊቀ ብሎናት ግን ሐኪሙ የብሎኖቹን ሳጥን ከፍቶ ሲያሳያቸው ጭራሽ ፊታቸውን አዞሩ።

«ዶክተር፣ የመሰላችሁን ክተቱላት» አሉ። «ብቻ ትነሳልኝ።»

ሚስት ይኼኔ ነው የደነገጠችው። ወንድሟ ሲወድቅ እንዲህ አልሆነችም፤ እግሯ ቀጭ ብሎ ሲሰበርም እንዲህ አልሆነችም። እኚህ ሰው ስለ ብሎን ካልጠየቁ፣ እኔ ልሞት ነው ማለት ነው አለች በልቧ። ቀና ብላ አየቻቸው። እጃቸው ላይ ያለውን ግራሶ እንኳ አልታጠቡም፤ የአልጋዋን ብረት ጭብጥ አድርገው ይዘዋል። ስድቧ ሁሉ ከአፏ ጠፋ። አንጀቷን በሉት።

«ዶክተር፣ ብሎኑ በሚሊ ነው በኢንች?» አለች።

«በሚሊ ነው እናቴ። ምነው?»

«እሱ ፈርቶ ነው። ሳያውቅ ካደረ እንቅልፍ አይወስደውም፤ እባክዎን ጥርሱንም ጨምረው ይንገሩት።»