ፀጉር የሚያስበጥር ቸርኬ

(ፎርሳ ከተማ፣ የቫፑ በዓል (የግንቦት መጀመሪያ የፀደይ በዓል) ጠዋት፣ የታውኖ ግቢ። ካሌርቮና ታናሽ ወንድሙ ታውኖ ከሟች አባታቸው አሮጌ መኪና አጠገብ ናቸው። ካሌርቮ ተንበርክኮ የፊቱን ጎማ ይፈትጋል። ታውኖ ጭቃ ከለበሰው የኋላ ጎማ አጠገብ ባልዲ ላይ ቁጭ ብሎ ምንም አይሠራም። ግድግዳው ላይ ሰው ቆሞ በአንድ እግሩ የሚገፋት የበረዶ ሸርተቴ ተደግፋለች።)

ካሌርቮ፦ አትተንፍስ አልኩህ እኮ!

ታውኖ፦ የት?

ካሌርቮ፦ ቸርኬዬ ላይ! ትንፋሽ እርጥበት ነው። እርጥበት ደግሞ የቸርኬ ጠላት ነው።

ታውኖ፦ እኔ እኮ ከኋላ ነኝ።

ካሌርቮ፦ ነፋሱ ወደዚህ ነው።

ታውኖ፦ እሺ። (ፊቱን ያዞራል።)

ካሌርቮ፦ ለስላሳውን ጨርቅስ የት አደረግከው?

ታውኖ፦ አፍንጫዬን ጠረግኩበት።

ካሌርቮ፦ ጎሽ! ጎሽ የኔ ጀግና! አክስታችን ሳይሚ በአምስት ሰዓቱ አውቶቡስ ይመጣሉ፣ አንተ አፍንጫህን ትጠርጋለህ። የአባዬ ኑዛዜ ጠፋህ እንዴ?

ታውኖ፦ አልጠፋኝም። «የፊቶቹ ሁለት ቸርኬዎች ለካሌርቮ፣ የኋላዎቹ ሁለቱ ለታውኖ። አንድ ክረምት ይጠብቋቸው። ለቫፑ ሳይሚ በማን ቸርኬ ውስጥ ፊቷን አይታ ሻርፗን ካሰረች፣ መኪናው የሱ ነው።»

ካሌርቮ፦ ቃል በቃል! አየህ፣ ስትፈልግ ጭንቅላትህ ይሠራል።

ታውኖ፦ አባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳንስ ሊሄድ ሲል ቸርኬው ውስጥ እያየ ነበር የሚያበጥረው።

ካሌርቮ፦ መጨረሻ ላይ እኮ ፀጉር አልነበረውም።

ታውኖ፦ ቢሆንም ያበጥር ነበር።

ካሌርቮ፦ ለመሆኑ አንተ መኪና ምን ያደርግልሃል? እኔ ዛሬ ከሰዓት በበዓሉ ሰልፍ ላይ ከፊት እንደምነዳት ለአሮጌ መኪና ክለቡ ሰዎች ሁሉ ተናግሬያለሁ።

ታውኖ፦ ውስጧ የአባዬ ፒፓ ይሸታል። ቅዳሜ ቅዳሜ እቀመጥባታለሁ።

ካሌርቮ፦ ለመቀመጥማ ባልዲው አለልህ። ይልቅ ስማኝ፣ ትምህርት ነው። ይሄ ከተማ በሙሉ ፈሪ ነው። ገና ጥቅምት ሲገባ የሚያብረቀርቀውን ቸርኬ ያወልቁና ጓዳ ይደብቁታል። ከዚያ ጥቁር የብረት ቸርኬ ገጥመው እንደ ሬሳ መኪና ይከርማሉ። እኔስ? የበረዶ ጎማውን በዚሁ በአባዬ ቸርኬ ላይ አስገጥሜ ክረምቱን ሙሉ ነዳሁት!

ታውኖ፦ በረዶውን ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ይነሰነሳል እኮ።

ካሌርቮ፦ ይነስነስ! ጨው ያቆያል እንጂ ምን ያደርጋል? የአክስታችን የጨው ዓሣ ተበላሽቶ ያውቃል?

ታውኖ፦ አያውቅም።

ካሌርቮ፦ እና?

ታውኖ፦ አያብረቀርቅም ግን።

ካሌርቮ፦ ዓሣ ከቸርኬ ጋር ታወዳድራለህ?

ታውኖ፦ ዓሣውን ያመጣኸው አንተ ነህ።

ካሌርቮ፦ እኔ ከሥራ በገባሁ ቁጥር የኔን ቸርኬ በሙቅ ውሃ አጥቤዋለሁ። ማሞቂያ ያለው ጋራዥ ውስጥ አሳድሬዋለሁ። በአሲድ ፈትጌዋለሁ። የገዛ ልጆቼን እንዲህ አልያዝኳቸውም!

ታውኖ፦ ታዲያ ለምን ፈንጣጣ ወጣበት?

ካሌርቮ፦ የቱ ጋ?

ታውኖ፦ እዚህ። እዚህም። ይሄኛው ደግሞ ፈንድቷል።

ካሌርቮ፦ እሱ የክሮም ላብ ነው! ክሮም ሲሞቀው ይተነፍሳል።

ታውኖ፦ ትንፋሽ ጠላቱ ነው አላልክም?

ካሌርቮ፦ ያንተ ትንፋሽ! የራሱ አይደለም! ወይ ጉድ፣ ክረምቱን ሙሉ በሸርተቴ ሲንፏቀቅ የከረመ ሰው ስለ ቸርኬ ይመክረኛል። ያንተ መጓጓዣ እኮ ቸርኬ እንኳን የለውም!

ታውኖ፦ መኪናውን የያዝከው አንተ ነሃ።

ካሌርቮ፦ በል ና፣ ፊትህን እይበት። ምን ይታይሃል?

ታውኖ፦ (ጎንበስ ብሎ) አንድ ዓይን።

ካሌርቮ፦ ሌላውስ?

ታውኖ፦ ዝገቱ በላው።

ካሌርቮ፦ (በንዴት ከባልዲው አጠገብ ያለውን የውሃ ቱቦ ከፍቶ ውሃውን ወደ ታውኖ ይለቀዋል። ውሃው ታውኖን ስቶ የኋላውን ጎማ ያገኘዋል፤ ጭቃው ይወርዳል።) ይሄ… ይሄ ምንድነው?

ታውኖ፦ ውሃ።

ካሌርቮ፦ ቸርኬው! ያብረቀርቃል!

ታውኖ፦ አዎ፣ እሱ እኮ…

ካሌርቮ፦ ዝም በል፣ እያሰብኩ ነው። ምን ቀባኸው?

ታውኖ፦ ምንም።

ካሌርቮ፦ በስንት ቀንህ ነበር የምታጥበው?

ታውኖ፦ አላጠብኩትም። ካሌርቮ፣ እሱ እኮ የአባዬ…

ካሌርቮ፦ ገባኝ! ከፊት ያሉት የኔዎቹ ጨዉን በደረታቸው ተቀብለው ተዋጉ፤ ያንተዎቹ ከኋላ ተደብቀው ከረሙ። ስለዚህ ይሄ የምታየው ውበት የኔ ልፋት ነው። ይሄ ጥቁር ማሰሪያስ ምንድነው?

ታውኖ፦ እንዳይወድቅ ነው።

ካሌርቮ፦ ቸርኬ ይወድቃል እንዴ? በብሎን እኮ ነው የታሰረው፣ አንተ ደነዝ! ይሄ ሚዛን መጠበቂያ ይባላል።

ታውኖ፦ ካልክ።

ካሌርቮ፦ (በጣቱ ያንኳኳል፤ ቷ፣ ቷ።) ስማ! ይሄ የጥሩ ክሮም ድምፅ ነው። እንዴት ቀለል ይላል!

ታውኖ፦ ቀላልስ ቀላል ነው።

ካሌርቮ፦ (ድንገት ለስለስ ብሎ) ታውኖዬ፣ ወንድሜ…

ታውኖ፦ ምን ፈልገህ ነው?

ካሌርቮ፦ ሁሌ አንተን ከኋላ ማድረጌ ይከነክነኛል። ልጅ ሆነን ሳውና ስንገባ ከኋላ፣ ሾርባ ሲቀዳ ከኋላ። ዛሬ የፊቶቹን ላንተ ልስጥህ። ክብሩ ያንተ ይሁን።

ታውኖ፦ አንተስ?

ካሌርቮ፦ እኔ ከኋላ እሆናለሁ። ታውቀኝ የለ፣ ትሑት ነኝ።

ታውኖ፦ መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልንገርህ።

ካሌርቮ፦ አትንገረኝ!

ታውኖ፦ ስለ ኋላዎቹ ነው፣ እነሱ…

ካሌርቮ፦ እንዳሉ እወስዳቸዋለሁ! አሁን መኪናው ላይ ያሉትን ሁለቱን የኋላ ጎማዎች፣ ከነማሰሪያቸው!

ታውኖ፦ ከነማሰሪያቸው?

ካሌርቮ፦ ከነማሰሪያቸው! ልማልልህ?

ታውኖ፦ ጻፈው።

(ካሌርቮ ለበዓሉ የተገዛውን የዶናት ከረጢት ገልብጦ ይጽፍበታል፤ ይፈርማል። ታውኖም ፊደል በፊደል አንብቦ ይፈርማል።)

ታውኖ፦ ቀኑን ጨምርበት።

ካሌርቮ፦ ይኸው! (ከረጢቱን ሰጥቶት እጁን ያፋትጋል። ከሩቅ የአውቶቡስ ጥሩምባ ይሰማል።) መጡ! ይሄን ማሰሪያ ልቁረጠው፣ ለዓይን ያስጠላል።

ታውኖ፦ ባትቆርጠው ይሻልሃል።

ካሌርቮ፦ ደግሞ ልትመክረኝ! (ይቆርጠዋል። የሚያብረቀርቀው ነገር ከጎማው ተላቆ በግቢው ውስጥ እየተንከባለለ ሄዶ ይወድቃል። ከሥሩ የዛገ ጥቁር ብረት ብቅ ይላል።) ኧረ! ቆዳው ተገፈፈ!

ታውኖ፦ የቸርኬ ክዳን ነው። ፕላስቲክ። ነዳጅ ማደያው ሱቅ ውስጥ ሞልቷል።

ካሌርቮ፦ የአባዬስ? የአባዬ ቸርኬዎች የት ገቡ?

(ታውኖ ቤት ገብቶ በአባቱ የሱፍ ሙታንታ የተጠቀለለ ጎማ አቅፎ ይወጣል። ሲገልጠው የግንቦት ሰማይ ከነደመናው ውስጡ ይታያል።)

ታውኖ፦ ጥቅምት ላይ ጎማ ሲቀየር አውልቄ ጥቁር ብረት አስገጠምኩ፤ ከዚያ ጀምሮ አልጋዬ ሥር ናቸው። ሁለተኛውም እዚያው ነው። እኔም ከከተማው ፈሪዎች አንዱ ነኝ።

ካሌርቮ፦ አጭበረበርከኝ!

ታውኖ፦ አራቴ ልነግርህ አፌን ከፈትኩ፤ አራቴም አንተ ዘጋህልኝ።

ካሌርቮ፦ ቆይ፣ ቆይ… የኋላዎቹ አልጋህ ሥር ናቸው፣ የፊቶቹን ደግሞ አሁን ፈርሜ…

ታውኖ፦ አዎ። አራቱም የኔ ሆኑ።

ካሌርቮ፦ የፊቶቹ እኮ ዝገዋል! ምን ያደርጉልሃል?

ታውኖ፦ የአባዬ ናቸው። አሳድሳቸዋለሁ።

(አክስት ሳይሚ በአንድ እጃቸው የቫፑ መጠጥ ጠርሙስ ይዘው ይገባሉ። ለማንም ሰላም ሳይሉ ታውኖ ያቀፈው ቸርኬ ላይ ጎንበስ ብለው ሻርፋቸውን ያስራሉ፣ ከንፈራቸውን ቀለም ይቀባሉ። ከዚያ የመኪናውን በር ከፍተው ገብተው ይቀመጣሉ።)

ካሌርቮ፦ እኔስ? ሰልፉስ? በምን ልሂድ?

ታውኖ፦ መጀመሪያ ጎማዎችህን ፍታልኝ፣ የኔን ልግጠም። (ክሪኩን ያቀብለዋል።) ከዚያ ሸርተቴዋ ላይ ጭነህ ይዘሃቸው ሂድ። እሷንም ሰጥቼሃለሁ።

ካሌርቮ፦ በረዶው ቀልጧል እኮ፣ አንተ ሰው!

ታውኖ፦ ግድ የለም፣ ውሰዳት። ቸርኬ የላትም፣ ምኗን ታበላሻለህ?