ሸምበቆ የጭቃውን ጎጆ ያዳነችበት ቅዳሜ

ሊፍቱ ቆሞ ሰው ሁሉ በእግሩ መውጣት በጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ አባቷ የሕንፃው ነዋሪዎች ሊቀ መንበር በሆኑ በአራተኛው፣ የጣሪያው የውኃ ታንከር በተለወጠ በስምንተኛው ወር፣ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ የተፈጥሮ ክበብ መሪ፣ ከእኩዮቿ ሁሉ በአንድ ጭንቅላት የምትበልጥ፣ ስለዚህም ሸምበቆ የተባለች ብላቴና የሠራችውን ሥራ እንጽፋለን፤ የሰማ እንዲደነቅ፣ ያልሰማም እንዲጠይቅ።

ይህች ብላቴና ቁመቷ ይርዘም እንጂ ከፍታ ላይ መቆም አትወድም ነበር። ቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ ሳለ፣ ልብስ ልታሰጣ ወደ በረንዳ ስትወጣ እንኳ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ዐይኗን ከገመዱ ሳትነቅል ነበር የምታሰጣው። ይህንንም ምስጢር ከእናቷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ክበቧም ዓመቱን ሙሉ ስለ ደን፣ ስለ ወንዝና ስለ አየር ብክለት ስድስት ፖስተር ለጥፎ፣ ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ ሁለት ጊዜ ተጨቃጭቆ፣ ነፍስ ያለው ነገር ግን አንድም አላዳነም፤ ነገሩም ሸምበቆን ውስጥ ውስጡን ያብከነክናት ነበር።

በዚያም ወራት ጅራታቸው እንደ መቀስ የተሰነጠቀ ሁለት ጥቋቁር ወፎች መጡ፤ መጥተውም ከሕንፃው ዋና በር በላይ፣ ከአምፖሉ ጎን፣ ጭቃ በአፋቸው እያመላለሱ ጎጆ ሠሩ፤ ሠርተውም አራት ጫጩት ፈለፈሉ። ጫጩቶቹም በሉ፤ የበሉትንም ወደ ታች ላኩ። በመጀመሪያ በልብስ ሰፊዋ ጥቅል ላይ፣ ቀጥሎ በፖስተኛው ቆብ ላይ፣ በመጨረሻም ወደ ስብሰባ በሚጣደፉት በሊቀ መንበሩ አዲስ ኮት ትከሻ ላይ ወረደ። ሊቀ መንበሩም በዚያው ዕለት እንዲህ የሚል ማስታወቂያ በበሩ ላይ ለጠፉ፦ «ለሕንፃችን ነዋሪዎች በሙሉ። ከላይ የሚወርድብን ነገር ከልክ አልፏል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ቀለም ቀቢው ሲመጡ ጎጆው ይነሣል።»

ሸምበቆ ይህን ሦስት ጊዜ አነበበች። በራትም ሰዓት ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ «አባዬ፣ ጫጩቶቹ ላባ እንኳ አላወጡም። ቅዳሜ ከተነሡ ቅዳሜውኑ ይሞታሉ» ስትል ዐወጀች። አባቷም፣ «እኔስ ሌላ ኮት መቼ አለኝ?» ሲሉ በአጸፋው ዐወጁ። እናቷ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ውኃ ልታመጣ ብድግ አለች። ልጅቱ ግን ዐይኗን ከአባቷ ላይ አልነቀለችም፤ ምግቡም ቀዘቀዘ፤ የሊቀ መንበሩም ልብ ጥቂት ራራ፤ እንዲህም ሲሉ ደነገጉ፦ «በይ እሺ። የሚወርደውን የሚያስቀር ነገር ከሠራሽ ይቆይ። ቀለም ቀቢው ሦስት ሰዓት ላይ ይጀምራሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን አትለምኚኝ።»

ከዚህ በኋላ ሠራዊቷን ጠራች። ሠራዊቱም ይህ ነበር፦ ከአራተኛ ፎቅ፣ አፉ የማያርፈው፣ ራዲዮ የተባለው መዶሻ ያዥ፤ ከሦስተኛ ፎቅ፣ የጥርስ ሐኪሙ ልጅ፣ አንድ መስተዋቱ የተሰነጠቀ አቅራቢ መነጽር ከአንገቷ የማይለይ፣ ቃኚ የተባለችው፤ ሌላ ማንም አልነበረም። ሦስቱም ዐርብ ከትምህርት በኋላ ወደ ሰፈሩ አናጢ ዘምተው፣ ሱቁን ከነጓሮው ጠርገው፣ ሰጋቱራው ቅንድባቸው ላይ እስኪቀመጥ ለፍተው፣ ክንድ የሚያህል ጣውላ ከሁለት መደገፊያ ብረት ጋር ተቀበሉ። አናጢውም፣ «ምስማሩን ከበሩ በላይ ያለው እንጨት ላይ ምቱት። ግድግዳውን ከነካችሁት ጎጆው ዱብ ነው የሚለው» ሲሉ መከሩአቸው።

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ቀለም ቀቢው ቀድመው ደርሰው ባልዲያቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። የሕንፃው መሰላል ከደረጃው ሥር ወጣ፤ ራዲዮም ዝም ብሎ በማያውቀው አፉ እየፎከረ ወጣ፤ እጁንም ዘረጋ፤ አንድ ስንዝር ቀረው። ቃኚም ወጣች፤ ስንዝር ተኩል ቀራት። ቀለም ቀቢውን ሲያዩዋቸው፣ «እኔን ተዉኝ፤ ወገቤ ነው። ከመሬት በረጅም ብሩሽ ነው የምሠራው» አሉ። ያን ጊዜ ሁሉም ወደ ሸምበቆ ዞሩ።

እርሷም መዶሻውን፣ ምስማሩንና ጣውላውን ተቀብላ ወጣች፤ አንደኛውን እርከን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን አለፈች፤ በአራተኛውም ላይ ቆመች። ላብ ወደ ዐይኗ ገባ፤ መውጣትም መውረድም አቃታት። በዚያችም ቅጽበት መሰላሉ ከሥሩ ጸና፤ ሊቀ መንበሩ አሮጌ ሹራብ ለብሰው ወጥተው፣ በሁለት እጃቸው ጨብጠውት ነበር። ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው፣ «ወደ ታች አትዪ። ይዤልሻለሁ» አሉ። ከፍታ እንደምትፈራ ማን እንደ ነገራቸው ኋላም አልተናገሩም።

ወጣችም። አንድ ምስማር ከእጇ አመለጠ፣ አንዱ ጎበጠ፣ በአንዱም ፈንታ አውራ ጣቷን መታች፤ እናት ወፍ በጆሮዋ ሥር እየተወረወረች ጮኸችባት፤ ከላይም ትኩስ ነገር በግንባሯ መካከል አረፈ። ሸምበቆ ግን አልጠረገችውም፤ አራት ምስማር ገብቶ እስኪያልቅ መታች፤ ጣውላው ከጎጆው በታች ልክ እንደ መደርደሪያ ቆመ።

ነገር ግን ወረደችና ቀና ብትል፣ እናት ወፍ ዝንብ በአፏ ይዛ የመብራት ሽቦው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ወደ ጎጆዋም አልቀረበችም። ዐሥር ደቂቃ አለፈ፤ ሃያ አለፈ፤ ጫጩቶቹ ጮኸው ደከሙ። ሸምበቆም፣ «ያዳንኳቸው መስሎኝ አስርቤ ልገድላቸው ነው» አለች። ያን ጊዜ ሊቀ መንበሩ በሩ ላይ ቆመው፣ «ይቺ ወፍ እስክትገባ ድረስ ሰው ሁሉ በጓሮ በር» ሲሉ ዐወጁ። ልብስ ሰፊዋ ጥቅሏን ተሸክማ፣ «ለወፍ ተብሎ ዞሬ ልግባ?» ብላ እያጉረመረመች ዞረች፤ ጥቅሏን አስቀምጣም ለማየት ተመለሰች። ሰዓቱም ሞላ፤ ቀለም ቀቢው ግን ብሩሻቸውን አላነሡም።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ቃኚ በመነጽሯ ደኅና መስተዋት አይታ እጇን አነሣች። እናት ወፍ ጣውላውን አንድ ጊዜ ዞረችው፣ ሁለተኛም ዞረችው፣ ከዚያም ገባች፤ አራት ቢጫ አፎችም ተከፈቱ። ሸምበቆ ግንባሯን በዚያ ጊዜ ጠረገች።

በሳምንቱም ከማዶ ሕንፃ ሊቀ መንበር፣ «እኛም በር ላይ ጎጆ አለብን። ረጅሟን ልጅ አውሱን» የሚል መልእክት መጣ። አባቷም ያን ወረቀት ገልብጠው በጀርባው፣ «ልጅቱ ትመጣለች፤ መሰላሉን የምይዘው ግን እኔ ነኝ» ብለው ጻፉ፤ ማኅተምም አደረጉበት።

እነሆ፣ ስድስት ፖስተር ያልሠራውን በአራት ምስማር የሠራች፣ የጎጆ ጠባቂ፣ የሁለት ሕንፃ መመኪያ ሸምበቆ፣ በዚያ ቀን ደብተሯን በብብቷ፣ መዶሻውን በእጇ ይዛ መንገዱን ተሻገረች፤ ክብር ይብዛላት፣ ቁመቷም ይጨመርላት፤ ገና ብዙ በር አለና።