የማይነቀለው ሶኬት

ሰው ግድግዳ ተጋርቶ በሚኖርበት ግቢ ሁሉ፣ ሰማዩ ገና ሳይጠቁር መብረቅ የሚሸተው አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ግቢ የደረሱን ክቡር ጋሼ ንቀሉ ናቸው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ ግን የለም።

«ንቀሉ!» ይላሉ፣ በጃንጥላቸው ጫፍ በር እየቆረቆሩ። «ቴሌቪዥን ንቀሉ! ፍሪጅ ንቀሉ! መብራት ሲመጣም መቶ ሳትቆጥሩ እንዳትሰኩ!»

ማጥፋት ብቻ አይበቃቸውም። ሶኬቱ ከግድግዳው ወጥቶ መሬት ላይ ተጋድሞ ካላዩ ከበር ንቅንቅ አይሉም። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን አንዴ «ነቅያለሁ» ብላ ብትዋሽ፣ «እስቲ አሳዪኝ» ብለው ገቡና የስፌት መኪናዋን ገመድ በእጇ አስይዘዋት ወጡ። በጠራራ ፀሐይ የአውሮፕላን ድምፅ ሰምተው ግቢውን ሙሉ ያስነቀሉበት ቀንም አለ። ምስክሩ እኔ ነኝ።

አልወዳቸውም ነበር። የዋንጫው ጨዋታ ላይ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ኳሷ ተቀምጣ ሳለ፣ ዘው ብለው ገብተው ነቀሉብኝ። ደሜ ፈላ። ልክ ልካቸውን ልነግራቸው ተከትያቸው ቤታቸው ገባሁ።

ባለቤታቸው መታመማቸውን እንጂ እንዲህ መድከማቸውን አላውቅም ነበር። ራስጌያቸው ኦክስጅን የሚሰጣቸው ማሽን ያንጎራጉራል፤ ቀጭን ቱቦ አፍንጫቸው ውስጥ ገብቷል። ጋሼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሶኬቱን ትክ ብለው ያዩታል።

«ይኼ ብቻ አይነቀልም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ለክፉ ቀን ያለችን የኦክስጅን ሲሊንደር ግማሽ ሰዓት አትሞላም። የግቢው መስመር ደግሞ አንድ ነው፤ መብራት ሲመጣ ሁላችሁም ባንዴ ከሰካችሁ ኃይሉ ይወዛወዛል። ይኼ ማሽን ከተቃጠለ...»

«አስቸገረህ አይደል፣ ልጄ?» አሉ ባለቤታቸው በተቆራረጠ ድምፅ።

«ኧረ በጭራሽ፣ እትዬ!»

ያዘጋጀሁትን ስድብ ውጬ ወጣሁ፤ አፈርኩ። ከዚያ ወዲያ መብራት ሲመጣ መቶ ድረስ እቆጥር ነበር። አንዳንዴ ሁለት መቶ።

ማሽኑ አልተቃጠለም። እትዬ ግን ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን፣ ማሽኑም በደንብ እየሠራ፣ አረፉ።

ባለፈው ሳምንት ሰማዩ ጠቆረ፤ ነጎድጓዱ ጣሪያውን አንቀጠቀጠው። በር የሚቆረቁር የለም። ጎረቤቱ ሁሉ ሳይነገረው ነቅሎ በየደጃፉ ቆሟል። እኔም ነቀልኩ። ወደ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ከባዶው አልጋ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የማሽኑ ገመድ ተጠቅልሎ ማሽኑ ላይ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ዛሬ አልጠሩንም።»

«ምን ቀረኝ ብዬ፣ ልጄ?»

 አፌ ላይ የመጣልኝን ውሸት ተናገርኩ።

«የእኔ ቴሌቪዥን እኮ አልተነቀለም።»

 በእግራቸው ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።

«አንተ ሰውዬ፣ መቼ ነው ልብ የምትገዛው?»

ጃንጥላቸውን አንስተው ወጡ። ደግነቱ እርምጃቸው ዝግ ያለ ነው። በጓሮ በኩል ሮጬ ዞርኩና ቀድሜያቸው ቤቴ ገባሁ፤ መብረቁ እየጮኸ ሶኬቱን መልሼ ሰካሁት።