ዋልካ በወርቅ ሚዛን

በዚህ አገር ቀጠሮ የሚያከብር ፍጡር ጠፋ ብላችሁ የምታዝኑ ካላችሁ አንድ መጽናኛ አለኝ፤ ግሪሳ አለች። ሩዝ ወተት በያዘ ሰሞን ይህች ወፍ ጎህ ሲቀድ እርሻው ዳር ናት። ቀትር ላይ እንደ ደህና ሠራተኛ አረፍ ትላለች፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ሰንበት አታውቅ፣ ለቅሶ አለብኝ አትል። ብቻዋንም አትመጣም። ሺህ ትሁን አሥር ሺህ እንጃ፤ ለመቁጠር ግን ሞክሬያለሁ።

ከዚህች የመጨረሻ ቃሌ ጠባዬን ሳትገምቱ አልቀራችሁም። እኔ ወረታ ውስጥ በአንድ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ጆንያ መዛኝ ነኝ። አንዱን ጆንያ ሁለት ጊዜ እመዝናለሁ፤ ካልተስማሙ ሦስተኛ እጨምራለሁ፤ ከተስማሙ ደግሞ እንዴት ሊስማሙ ቻሉ ብዬ እጠራጠራለሁ። እናቴ «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለውን ተረት ስትነግረኝ የያዝሁት ግማሹን ብቻ ነው ትላለች። አልተሳሳተችም።

ባለፈው መስከረም አባቴ ከማማ ወደቁ። ማማው እርሻው መሃል በአራት እንጨት ላይ የቆመ መጠበቂያ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወንጭፋቸውን ይዘው የቆሙበት፣ ከቤታቸው ይልቅ የሚያምኑት ቦታ ነበር። አንድ የበሰበሰ እንጨት ከዳቸውና ቀኝ ትከሻቸው ወለቀ። ወጌሻው መልሶ አስገባው፤ በነጠላ ጠፈረላቸውና እስከ ኅዳር ድረስ እጅዎ አይነሣ አላቸው።

ፈቃድ ወስጄ ስደርስ አባየ መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሩዙን እኔ እጠብቃለሁ አልኋቸው። እኔን አዩኝ፤ ቀጥለው ክንዴን አዩት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱና፣ «ይሁን። ግሪሳዋ ከጨረሰችው ግን ለከርሞ መሬቱን ለእኩል እሰጠዋለሁ» አሉ።

ለእኩል መስጠት ማለት ሌላ ሰው መሬትህን አርሶና ዘርቶ ምርቱን መካፈል ነው። ነውር የለበትም፤ ባሏ የሞተባት፣ ጉልበቱ የከዳው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ይሁንና ያን ቃል ከአባየ አፍ መስማት ኑዛዜ የመስማት ያህል ነበር። በማግሥቱ ማለዳ ማማው ላይ ወጣሁ፤ እንጨቶቹን አንድ በአንድ እየነቀነቅሁ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ።

አባየ ሲወነጭፉ ወፍ አይመቱም። አንዲት ጠጠር ከመንጋው ፊት ለፊት ያሳልፋሉ፤ መንጋው በሙሉ እንደ አንድ ጨርቅ ታጥፎ ይመለሳል። እኔ የወነጨፍኋት የመጀመሪያዋ ጠጠር ወደ ኋላዬ ሄደች። ሁለተኛዋ የት እንደ ገባች እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እማየ ከታች ጅራፍ እያጮኸች፣ «ኧረ ልጄ፣ ግሪሳዋን በሳቅ ልትገድላት ነው!» ትላለች።

ያን ጊዜ ነው ያ ሐሳብ የመጣልኝ። ለጅግራ አደን የሚሆን፣ በአንድ ተኩስ ብዙ እርሳስ የሚበትን ጠመንጃ አለ አይደል? አንዷን ጠጠር የፈለግሁበት ማድረስ ካልቻልሁ፣ ሰባቱን አንድ ላይ ብወነጭፍስ? ከሰባት አንዷ መቼም አትስትም። ግን ሰባቱ ሁልጊዜ በእኩል ስፋት መበተን አለባቸው፤ ዛሬ እንደ ቡጢ ተጠቅልለው ነገ እንደ ጉም ቢበተኑ ምን ዋጋ አላቸው? ስለዚህ የማዳበሪያ ጆንያ ተርትሬ ከማማው ሠላሳ እርምጃ ርቆ በሁለት እንጨት ወጠርሁ፤ ከላይ ሆኜ ወንጭፌን አሽከረከርሁ፤ በደብተሬም ጻፍሁ። ሰባት ወነጨፍሁ፣ አራት ነካ። ሰባት ወነጨፍሁ፣ ምንም። ሰባት ወነጨፍሁ፣ አንድ። መንገደኛው ሁሉ ቆም እያለ፣ «ጆንያው ምን በደለህ ወንድሜ?» ይለኛል። ግሪሳ ሩዝ ትበላለች፣ እኔ ጆንያ እደበድባለሁ።

ጥፋቱን ጠጠሩ ላይ ጣልሁት። ሰው ራሱን የሚጠራጠር ቢሆን እንኳ መጀመሪያ ዕቃውን ነው የሚጠረጥር። ፎገራ ሜዳ ላይ ሁሉም ነገር አለ፤ ድንጋይ ግን የለም። የወንጭፍ ጠጠራችን ከዋልካ ጭቃ እየተድቦለቦለ ፀሐይ ላይ የሚደርቅ ነው። አንዱ ይተልቃል፣ አንዱ ያንሳል፣ ብዙው ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የእኛን ቤት ጠጠር አንድ ከረጢት ሙሉ አንጠልጥዬ ወረታ ገባሁና ወርቅ ሠሪው ጋሽ ሰይድ ዘንድ ሄድሁ። የወርቅ ሚዛንዎን ያውሱኝ አልኋቸው። ምን ልመዝንበት እንደሆነ ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠርገው መልሰው አደረጉት።

«ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ሚዛን ያልገባ የለም፤ ጭቃ ግን ዛሬ ገና መጣ» አሉ። ከዚያ ጥቂት አሰቡና፣ «ምን ይደረግ፣ አደምም ከዚሁ ነው የተሠራው። ጨምረው!» አሉኝ።

መዘንሁት። ሁለት እኩል የሆኑ አላገኘሁም። ስንጥቁን ለማስቀረት መሃሉ ላይ ጠንካራ ነገር ያስፈልገዋል ብዬ ወሰንሁ፤ እማየ ገለባ አቡካበት ብትለኝ ገለባው እኩል አይሆንም ብዬ እምቢ አልሁ። ለዘር ካስቀመጥነው ጓያ በወንፊት አበጥሬ እኩል እኩሉን መረጥሁና በእያንዳንዱ ፍሬ ላይ ጭቃ ጠቀለልሁ። አንዳንዱ እርጥበቱን ጠጥቶ አብጦ ፈነዳ፤ እሱን ጣልሁት። የቀረው እንደ ጥይት አማረ። ጋሽ ሰይድ ዘንድ ተመልሼ ስመዝነው እኩል ለመሆን ምንም አልቀረው።

ጆንያው ግን አልተስማማም። ሰባት ወነጨፍሁ፣ ሁለት። ሰባት ወነጨፍሁ፣ አምስት። ሰባት ወነጨፍሁ፣ ምንም። ከማማው ላይ መንጋውንም በዚያው ጠጠር እያሳደድሁ ሰነበትሁ፤ ከምሥራቅ በኩል ያለው ጥግ ግን ፍሬው እየተበላ በየቀኑ እየነጣ ሄደ። ማታ ማታ አባየ «ዛሬስ እንዴት ነው?» ይሉኛል። እኔ «ደህና ነው» እላለሁ። እሳቸው ግድግዳውን ያያሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ከባድ ነገር መዝኜ አላውቅም።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት አባየ በግራ እጃቸው ከዘራ ይዘው፣ ቀኝ እጃቸው ደረታቸው ላይ እንደ ታሠረ እርሻው ድረስ መጡ። ውሃውን፣ ጭቃውን እንዴት እንዳለፉት እንጃ። ማማው ሥር ቆመው ሦስት ጊዜ ስወነጭፍ አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ትመዝናለህ ወይስ ትወነጭፋለህ?»

«እወነጭፋለሁ አባየ።»

«ውሸት ነው። ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል። ስታሽከረክር ትቆጥራለህ።»

እውነታቸውን ነበር። እስከ አራት እየቆጠርሁ ነበር የምለቅቀው፤ ጆንያ ፊት ቆጠራዬ ይዘገያል፣ ወፍ ሳይ ይፈጥናል። ያንን ሁሉ ጭቃ በወርቅ ሚዛን ስመዝን ያልመዘንሁት አንድ ነገር ራሴ ነበርሁ።

«በል ተወው። አንተ አሽከርክር፣ መቼ እንደምትለቅ እኔ እነግርሃለሁ» አሉ። ወደ ጆንያው ዞርሁ። አሽከረከርሁ። ገመዱ ጆሮዬ ላይ ይጮሃል። አባየ ከበታቼ ሆነው ዝም አሉ፤ ዝም አሉ፤ ዝም አሉ፤ ከዚያ «አሁን!» አሉ።

ሰባት ወነጨፍሁ፣ ስድስት ነካ። ደግመን ሞከርነው፤ ስድስት። ሦስተኛውን ሰባት። ደብተሬን ላወጣ ስል፣ «እሱን ለኋላ! መጣች!» ብለው ጮኹብኝ። ቀና ብል መንጋዋ እንደ ጭስ እየተጠቀለለች ትመጣለች። አሽከረከርሁ። «አሁን!» ሰባቱ ጠጠር ከፊቷ ተዘረጋ፤ መንጋውም በሙሉ እንደ አንድ ጨርቅ ታጠፈ። እማየ ጅራፏን ጥላ እልል አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው አባየ ማማው ሥር ባለ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ዓይኑ የሳቸው፣ ክንዱ የኔ። አንዳንድ ቀን ቀዝቃዛውን አየር ፈርቼ ይግቡ ስላቸው፣ «ገብቼ ማንን ልየው? ግድግዳውን?» ይሉኛል። እኔም አልደግመውም። ግሪሳዋ አሥራቷን ሳትወስድ አልቀረችም፤ የቀረውን ግን አጨድነው።

በኅዳር፣ ትከሻቸው ከተፈታ በኋላ፣ እማየ አንድ ጠዋት ከእርሻው ተጣራች። ሄደን አየን። ከታጨደው ሩዝ እግር መካከል ጓያ በቅሏል። ሌላ ዓመት አባየ ሩዙ ሳይታጨድ ሥሩ ጓያ ይበትኑ ነበር፤ ዘንድሮ በእጃቸው ምክንያት ማንም አልዘራም። ማንም ያልሁት እንዲያው ለልማዱ ነው፤ አባየ እስኪመጡ ድረስ ከማማው ዙሪያ በጠጠሮቼ ሆድ የቀበርሁት ጓያ እዚህ አራት፣ እዚያ አንድ፣ ወዲያ ደግሞ ባዶ ሆኖ በቅሏል። ራቅ ሲል ግን ተስተካክሎ፣ ሰባት ሰባት እየሆነ፣ በእኩል ስፋት ሜዳውን ለብሶታል። አባየ ማማው ሥር የተቀመጡበትን ቀን ደብተር ሳልገልጥ ከመሬቱ ላይ ማንበብ እችል ነበር።

አባየ ከዳር እስከ ዳር ተመላለሱበት።  እቤት ስንገባ መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «መሬቱን ለእኩል ሰጥቼዋለሁ» አሉ።

 ሩዙ ተርፎ የለም እንዴ? «ለማን?» አልሁ።

«ወረታ ላይ ጆንያ የሚመዝን አንድ ሰው አለ አሉ። በወንጭፍ ይዘራል።»

እማየ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እየሣቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁትም። እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት አንድ ደህና ቃል መናገር ሲገባኝ፣ ጠባይ አይለቅምና፣ «ምርቱን ስንካፈል በየትኛው ሚዛን ነው?» አልኋቸው።

አባየ የዳነችውን ቀኝ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው፣ «በግምት» አሉኝ።