ሁለት አባወራ በአንድ ላፕቶፕ

እግዚአብሔር ለሰው ልጅ ንስሐ እንዲገባ ዕድሜውን ሙሉ ይሰጠዋል። ዳኛ ቀጠሮ ይሰጣል። የሰቆጣ ባጃጅ ነጂ እንኳ ወንበሩ እስኪሞላለት ድረስ ይታገሣል። የኔ ላፕቶፕ ግን የሚሰጠኝ አሥር ሴኮንድ ነው። አሥር! እስቲ በአሥር ሴኮንድ ምን ይሠራል? እኔ መነጽሬን ፈልጌ አላገኝበትም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ፤ ተናድጃለሁና ብዘባርቅ ታገሡኝ። ሰቆጣ ውስጥ መምህር ነኝ። ያለችኝ አንዲት ላፕቶፕ ናት፤ በውስጧ ግን ሁለት አባወራ ይኖሩባታል። ሌላው ሰው ኮምፒውተሩን የሚያስነሳለትና የሚያስተዳድርለት አንድ ሲስተም ሲኖረው፣ እኔ አሮጌና አዲስ ሁለት አለኝ። ለምን ብትሉ፣ የአገራችንን ቋንቋ የኽምጣናን ድምፆች አሟልቶ የሚጽፍልኝ ፕሮግራም በአሮጌው ላይ ካልሆነ አይሠራም፤ በአዲሱ ስከፍተው ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ይሆናል። የትምህርት ቤቱ የውጤት ቅጽ ደግሞ በአዲሱ ካልሆነ አይከፈትም። ስለዚህ አንድ ባለሙያ የማሽኑን ሆድ እንደ ውርስ መሬት ለሁለት ከፈለልኝ። ሲነሳ ሁለቱን ስም ይደረድርና የትኛው ይግባ ይለኛል። በአሥር ሴኮንድ ውስጥ ካልመለስኩ አዲሱ ራሱን ሾሞ ይገባል። ከላይ የተጻፈውም እሱ ነው! ታላቁ እያለ ታናሹ ከላይ፣ በየትኛው አገር ሥርዓት? ባለሙያውን ይህን ስጠይቀው «አሠራሩ ነው ቲቸር» አለኝ። አሠራሩ ነው ይለኛል እንዴ!

በአሮጌው በኩል የተቀመጠው ምን መሰላችሁ? የአማቴ የመምሬ ኪሮስ ቃላት። መምሬ ኪሮስ የሰቆጣ ጎረቤት በሆነችው ዝቋላ ወረዳ የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል። ለገበያ ሰቆጣ በመጡ ቁጥር እኛ ቤት ያርፋሉ፤ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። የዛሬ ልጅ የማያውቀውን ኽምጣና ነው የምንጽፈው። የፍየል ቀለም ስም ብቻ ሁለት ገጽ ሞልቷል፤ ጆሮዋ ብቻ ነጭ የሆነች ሌላ፣ ከወገቧ በታች የጠቆረች ሌላ። ማሽላም ከቡቃያው እስከ አውድማው ስሙ ሲለዋወጥ ይከርማል። ሦስት ዓመት ጻፍን። ኽምጣና የእናቴ ቋንቋ ነው፤ ግማሹን ቃል ግን አላውቀውም ነበር፤ እያፈርኩ ነው የጻፍኩት። አንድ ቀን መምሬ አንድ ቃል ጠፋባቸውና ፈልጌ አነበብኩላቸው። ደስ አላቸው። አንተ ዘንድ ካለማ እኔን ምን አሸከመኝ፣ ልርሳው እንግዲህ አሉኝ። እኔም ጅሉ ሳቅሁ።

ፍላሽ ላይ አልገለበጥከውም ወይ ትሉኛላችሁ። አውቄያችኋለሁ፤ ሰው ሲናደድ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ አይጠፋም። ፍላሽ አለኝ። የባለቤቴ እህት የሠርግ ቪዲዮ ሞልቶታል። እሱን አጥፍቼ የፍየል ስም ብጭንበት ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍላችሁ ከማን ቤት ሆኜ ነው? ሌላ እገዛለሁ እያልኩ ነገ፣ ነገ፣ ነገ አልኩ። በራሴም ተናድጃለሁ፤ ብቻ ተራዬ እስኪደርስ በሌሎቹ ልጀምር።

ባለፈው የገበያ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ላፕቶፑን እንደከፈትኩ መምሬ በር ላይ ደረሱ። ሁለቱ ስሞች ተደርድረዋል፤ አሥር ሴኮንዱ መቁጠር ጀምሯል። ምን ላድርግ? አማቴን፣ ያውም ቄስ፣ ያውም ከዝቋላ ድረስ በእግራቸው የመጡትን፣ አንዴ ይቆዩኝ ሲስተም ልምረጥ ልበላቸው? መስቀል ተሳለምኩ። እንዴት ሰነበቱ፣ አገሩ እንዴት ነው፣ ዝናቡስ ጣለ ወይ፣ ፍየሎቹስ፣ ልጆቹስ፣ ደብሩስ። ሰቆጣ ውስጥ በአሥር ሴኮንድ የሚያልቅ ሰላምታ ካያችሁ ሰዎቹ ተኳርፈዋል ማለት ነው። ዞር ስል አዲሱ ገብቶ ተንሰራፍቷል።

ይሁን፣ ከምሳ በኋላ አጥፍቼ በአሮጌው አስነሳዋለሁ ብዬ ተውኩት። ባለቤቴ ምግብ አቀረበች። መምሬ በልቻለሁ አሉ። ለመነቻቸው፤ ኧረ ጠግቤያለሁ አሉ። አባዬ በሞቴ ስትል ጊዜ እጃቸውን ታጠቡ። ከሌሊት ጀምሮ የተጓዘ ሰው መቼም ጠግቦ አይደለም። እንዲህ ነው ያደግነው፤ በመጀመሪያው ጥሪ ሰተት ብሎ የሚቀርብ ስግብግብ ይባላል፣ ሦስት ጊዜ ተለምኖ እምቢ ያለ ደግሞ ቂም ይዟል ይባላል።

ምሳው እንዳለቀ ከትምህርት ቤት ተደወለ፤ ና ውጤት ፈርም፣ አሁኑኑ። መምሬ ላፕቶፑ አጠገብ ነበር የተቀመጡት። እየተጣደፍኩ፣ ይህ ማሽን ጥያቄ ይወዳል፣ የሆነ ነገር ከጠየቀዎት «አይ» የሚለውን ይንኩ አልኳቸው። ባለሙያው ሁሉንም በአማርኛ አድርጎልኝ ስለነበር ማንበቡ አያስቸግራቸውም። እንዴት እንደሚነካም ከዚህ በፊት አሳይቻቸዋለሁ። ምን ቆርጦኝ እንዳሳየኋቸው እንጃ።

ስመለስ መምሬ ፈገግ ብለው ተቀምጠዋል። ማሽኑ ላይ «ሰፊ ቦታ አግኝተዋል፤ እንኳን ደስ አለዎት!» ይላል። ክው አልኩ። አጥፍቼ አስነሳሁት። የተደረደረ ስም የለም፤ አሥር ሴኮንድም የለም። አሮጌው አባወራ ከነቤቱ፣ ከነፍየሉ፣ ከነማሽላው ጠፍቷል።

መምሬ ምን ሆንክብኝ አሉኝ፤ እኔም ምን እንደተፈጠረ ጠየቅኳቸው። በእርጋታ አስረዱኝ። ቦታ ጠቧል፣ የቆየውን ክፍል ላጽዳው ወይ አለኝ፤ እንዳልከኝ አይ አልኩት። ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ መጣ፤ አሁንም አይ አልኩት። ለሦስተኛ ጊዜ መጥቶ «እርግጠኛ ነዎት? እባክዎ እንደገና ያስቡበት» አለኝ። በአንቱታ ነው የለመነኝ፤ ጨዋ ነው። እንዲህ አድርጎ የሚለምንን ሦስት ጊዜ መመለስ ነውር አይደለም ወይ ልጄ? «ይጽዳ» የሚለውን ነካሁለት አሉኝ።

እስቲ ፍረዱኝ! በማን ልናደድ? በአማቴ እንዳልጮህ ባለቤቴ አለች፤ በቄስ እንዳልጮህ እግዚአብሔር አለ። ንዴቴንና ላፕቶፔን ታቅፌ ወደ ባለሙያው በረርኩ። ያንን የማጽጃ ፕሮግራም ሳልጠይቀው የጫነብኝ እሱ ነው። አገላበጠ፣ ነካካ፣ በላዩ ላይ ሌላ ተጽፎበታል፣ አይመለስም ቲቸር አለኝ። ቀጥሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? አሁን ግን በጣም ይፈጥናል! ይፈጥናል? ወዴት ሊሄድልኝ? ደሜ ፈላ። አይ ሲባል አይ ማለት እንደሆነ የሚገባው ማሽን መሥራት ይህን ያህል ከባድ ነው? ሦስት ጊዜ መለመንማ የኛም ወግ ነው፤ እኛ ግን የምንለምነው ለማጉረስ እንጂ የሰው ቤት ለማፍረስ አይደለም!

ቤት ገብቼ ለመምሬ ነገርኳቸው። ሁሉም? አሉኝ። ሁሉም አልኳቸው።  ጣታቸውን እያጠፉ የፍየሎቹን ስም መቁጠር ጀመሩ። አራተኛው ላይ ቆሙ። አምስተኛውን ፈለጉ፣ ፈለጉ፣ አጡት። አንተ ዘንድ አለ ብዬ እኮ ነው የጣልኩት አሉኝ።  በራሴ የመናደድ ተራዬ ያኔ ደረሰ፤ ለአንድ ፍላሽ! ያቺ ሙሽራ እንኳ ያንን ቪዲዮ ሁለተኛ አላየችውም።

መምሬ ያለኝ ሳይጠፋ ሀ ብለን እንጀምር አሉ። አይሆንም አልኳቸው፤ የሦስት ዓመት ልፋቴን አፈር ከበላው በኋላ ዳግም ከዚህ ማሽን ፊት አልቀመጥም። እንግዲያስ በደብተር ይሁን አሉ። በደብተርም በድንጋይም አልጽፍም፣ ሌላ ሰው ይፈልጉ አልኳቸው። ለአማት እንዲህ ይመለሳል? አይመለስም። ንዴት ነው ያናገረኝ። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አፈጠጠችብኝ።

መምሬ ግን አልተቆጡም። የታጠፉትን አራት ጣቶቻቸውን እንደያዙ ዓይን ዓይኔን አዩኝና፣ በዝግታ፣ እርግጠኛ ነህ? አሉኝ።

ባለቤቴን እስክሪብቶ አምጪልኝ አልኳት።